ጀርባዋን የሰጠች ቤት

የአገሩን ስም አልጠራም። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ የማያውቀው ቢሰማውም አይጠቅመውም። የምናገረው ያየሁትን ነው። ያየሁትንም ሁሉ አልናገርም።

በዚያ አገር በስተሰሜን አንድ ኮረብታ አለ። በኮረብታው ላይ ጌታው ይኖራሉ። የእሳቸውን ፊት ያየ የለም፤ እሳቸው ግን የሰውን ፊት ማየት ይወዱ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ቤት ሁሉ በሩንም መስኮቱንም ወደ ኮረብታው ያድርግ ይላል። ለኮረብታው ጀርባውን የሰጠ ቤት ከተገኘ ጌታውን የናቀ ሰው ቤት ነው ይባላል።

ነፋሱ የሚመጣው ከዚያው ከኮረብታው ነው። በብርድ ወራት በበሩ ገብቶ አልጋ ድረስ ይዘልቃል። ብርድ ብሎ መጥራት ግን ክልክል ነበር። ከጌታው ደጅ የሚወርድ ነገር ሁሉ ቡራኬ ነው ተብሎ ታውጇል። ሰው ጠዋት ሲገናኝ፣

«ቡራኬው እንዴት አደረ?»

«ኧረ ተወኝ፣ ጉልበቴን ሲቆረጥመው አደረ» ይባባላል። እገሌ የሚባል ሕፃን በቡራኬ ሞተ ሲባልም ሰምቻለሁ። የሳቀ ሰው አላየሁም።

ቤቱ ስለማይሞቅ እሳት ይነዳል። ምግብ የሚበስለው በየሰፈሩ የጋራ ማድቤት ስለነበር የቤት ምድጃ ሥራው ማሞቅ ብቻ ነው። እንጨቱ የሚታደለው ከጌታው ግምጃ ቤት ነው። በየማለዳው ሊቀ ጭስ የሚባለው ሹም ማማ ላይ ወጥቶ የየቤቱን ጭስ ይቆጥራል። ጭሱ የታየለት ሰው አለ ይባላል። አለ ከተባለ እንጨት ይሰጠዋል። እንጨት ከተሰጠው ያጨሳል። ካጨሰ አለ። አገሩ የሚዞረው በዚህ ነበር።

ሰባት ቀን ጭስ ካልታየበት ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሞቷል ተብሎ በሙታን መዝገብ ይጻፋል። ጌታው ሙታንን ያከብራሉ። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሟቹ ቤት ሦስት ቀን ተቀምጦ ማልቀስ ግዴታው ነው። ለቀስተኛው ሲነሣ ቤቱ ይፈርሳል። ብዙ ሌሎች ሕጎችም ነበሩ፤ ለዛሬ ወሬዬ የሚያስፈልጉት ግን እነዚህ ናቸው።

እኔ እንጨት ተሸካሚ ነበርሁ። አባቴ ከጫካ ሲመለስ ገደል ገባ። እንጨቱን አወጡት፤ እሱን እዚያው ቀበሩት። በሳምንቱ መጫኛውን አንሥቼ ሄድሁ። ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልልም። ትከሻዬን ያየ ሰው አይጠይቀኝም። ስጀምር ጫካው የግማሽ ቀን መንገድ ነበር፤ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ሁለት ቀን ሆነ።

እናቴ የሽመቤት ትባላለች። እኔ የተሸከምሁት እንጨት ጭሱ የእሷን ደረት በላው። የብርድ ወራት በገባ ቁጥር ሳሏ ይጀምራል፤ ጎረቤት እስኪሰማው ያናውጣታል። እንጨት መሸከም በጀመርሁ በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት መድኃኒት አዋቂ አመጣሁላት። ጆሮውን ጀርባዋ ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ ወደ ደጅ ጠራኝ።

«ጭሱን ካልተወች የሚመጣውን ዓመት አትደግመውም» አለኝ።

«እሳቱን ብትተውስ?»

«ያን ጊዜማ ቡራኬው ይገላታል።» ከረጢቱን ሰብስቦ ሄደ።

በመንገዳችን ላይ ሸክማችንን የምናሳርፍበት አንድ ቋጥኝ ነበር። ለኮረብታው ጀርባውን ሰጥቶ በደቡብ በኩል ፀሐይ የሚመታው ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ነው። ሽኮኮዎች ይተኙበታል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም አይነሡም። ለምን እንደማይነሡ ስንት ዓመት አልጠየቅሁም። ሸክም ያለው ሰው ብዙ አይጠይቅም። ያን ዓመት ግን መድኃኒት አዋቂው ከሄደ በኋላ ወጣሁና ድንጋዩን በእጄ ነካሁት። ፀሐይዋ ከጠለቀች ቆይታለች፤ ድንጋዩ ግን እንደ በሬ ሆድ ይሞቃል። ነፋሱ በላያችን ያልፋል፤ እዚያ ግን አይደርስም።

ሽኮኮ እንጨት አይሸከምም። ጭስ የለውም። ግን አለ።

በዚያው ዓመት ዝናቡ ቤታችንን ጣለው። ሰው አዘነልን። እኔ አላዘንሁም።

«እማ፣ ቤቱን ላዞረው ነው» አልኋት።

«ወዴት?»

«ወደ ፀሐይ።»

«ኮረብታውስ?»

«ጀርባችንን ያያል።»

«ይይ። ጀርባችን ከፊታችን ይሻላል፤ አያስልም» አለችና ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ።

በሰሜን በኩል አንድም ቀዳዳ ሳልተው ሁለት ክንድ ውፍረት ያለው ግድግዳ አቆምሁ። የተገነባው በፀሐይ በደረቀ የጭቃ ጡብ ነው፤ ጡቡን ጭድ አብዝቼበት ነበር። በውጭ በኩል እስከ ወገብ አፈር ደገፍሁበት። ከወደቀው ቤት የተረፉትን የመስታወት መስኮቶች ሁሉ ወደ ደቡብ አደረግኋቸው። ወለሉን ጥቁር ድንጋይ አነጠፍሁት። በግድግዳው ጥግ ወፍራም መደብ ሠራሁ። ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ጭድና ጭቃ አንድ ክንድ ያህል ጠቀጠቅሁ። ከግድግዳው አልፎ የሚወጣው የጣሪያው ክፈፍ ግን አስቸገረኝ። በብርድ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ትሄዳለች፤ በዝናብ ወራት አናት ላይ ትወጣለች። በተጠለልንበት ደጅ አንድ ዱላ ተክዬ ጥላውን በየወሩ በጠጠር ምልክት አደርግ ነበር። ክፈፉን በዚያ ለካሁት። ፀሐይዋ ስትፈለግ እንድትገባ፣ ሳትፈለግ በደጅ እንድትቀር ነው። ለሙቀት ወራት ደግሞ ከጣሪያው ሥር የሚከፈትና የሚወተፍ ትንሽ መተንፈሻ አበጀሁ።

ፊት ለፊታችን እትዬ ማንጠግቦሽ ትኖር ነበር። የሰፈሩ አልቃሽ ናት፤ ሙሾ በማውረድ የሚስተካከላት የለም። በየቀኑ አጥር ላይ ተደግፋ ታየኛለች።

«አንተ፣ ይህ ሁሉ ግድግዳ ለማን ነው? ለዝሆን?»

«ለእናቴ ነው እትዬ።»

«የሽመቤት መቼ ወፈረች? ሳል ብቻ አይደለም እንዴ የቀራት?»

እናቴ ጭቃው ውስጥ ቆማ ጭድ ትበትን ነበር። «ማንጠግቦሽ፣ አፍሽን ትተሽ እግርሽን አምጪው! ጭቃው ረጋጭ አጥቷል» አለቻት።

እትዬ ማንጠግቦሽ ስትሳደብ ስትሳደብ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። እስኪመሽ ረገጠች።

ሕጉ ቤት ሁሉ ምድጃ ይኑረው ስለሚል ምድጃ ሠራን። እናቴ ሽንኩርት አስቀመጠችበት።

ብርዱ ገባ። በመጀመሪያው ቀን እሳት አልነደደም። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ወለሉን አቋርጣ አልጋው እግር ድረስ ደረሰች። ሲመሽ መዝጊያዎቹን ዘጋን። ድንጋዩም መደቡም ቀን የወሰዱትን መመለስ ጀመሩ። እናቴ እንደ ወትሮዋ ሳለች። በሦስተኛው ቀን ቀነሰላት። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ከልጅነቴ ጀምሮ የቀሰቀሰኝ ሳሏ ነበር። ተነሥቼ ወደ አልጋዋ ሄድሁ። አፏ ላይ እጄን አደረግሁ። ትተነፍሳለች። ተኝታ ነበር፤ ሌላ ምንም አልሆነችም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ረፋድ እስኪሆን አየኋት።

በሰባተኛው ቀን ሊቀ ጭስ አድማሱ መዝገቡን ይዞ መጣ። ቀጭን ሰው ነው። ሁልጊዜ ጭስ ስለሚያይ ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«የሟቹ ስም?» አለ ገና ከበሩ።

«የሞተ የለም ጌታዬ።»

«ሰባት ቀን ጭስ የለም።»

«እሳት ስላላነደድን ነው።»

«እንጨት አልደረሳችሁም?»

«ደርሶናል። ያውና ተከምሯል።»

ገባ። ቆመ። ጋቢውን ከትከሻው ላይ ዝቅ አደረገ፤ ለምን ዝቅ እንዳደረገው ግን ያወቀ አይመስለኝም። «ታዲያ ቡራኬውን እንዴት ቻላችሁት?»

«አልገባም።»

ብዕሩን አቆመ። «ቡራኬ አልገባም ብዬ ልጻፍ?»

እሱ ወደ ምድጃው ጎንበስ ብሎ አየ። «እዚህ ውስጥ ሽንኩርት አለ።»

«አዎ።»

መዝገቡን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ገለጠ። «ስለ ሽንኩርት የተደነገገ ነገር የለም» አለ። ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። «ስማኝ ልጄ። ቤቱን ማዞርህን አይቻለሁ፤ እሱን ሌላ ሹም ነው የሚያየው፣ እሱ ደግሞ የሚመጣው በሁለት ዓመት አንዴ ነው። የኔ ሥራ ጭስ ነው። እርጥብ ሣር አምጣና በቀን አንዴ ትንሽ አጭስ። አየሁ እላለሁ። ካልሆነ ሟች ብዬ እጽፋችኋለሁ፤ ከልቅሶው በኋላ ቤቱ ይፈርሳል። እኔ የሰው ቤት ማፍረስ አልወድም።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ወጣሁና ሣር አመጣሁ። ሽንኩርቱን አንድ በአንድ አወጣሁ። ተንበርክኬ እሳት መጫሪያውን ባልጩት ያዝሁ።

«ተው» አለች እናቴ። መደቡ ላይ ፀሐይዋ ውስጥ ተቀምጣለች።

«እማ፣ ቤቱ ይፈርሳል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ትንሽ ነው የሚጨሰው።»

«እኔን የበላኝ ትንሽ ትንሹ ነው» አለች። ወደ ሹሙ ዞረች። «ጌታዬ፣ ይጻፉኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ሞተች ብለው። ዐሥራ ሁለት ዓመት በጭስ ስሞት የጻፈኝ የለም፤ አለች ይሉኝ ነበር። አሁን ስተነፍስ ሞተች ይበሉኝ፤ ምን ቸገረኝ!»

ሊቀ ጭስ ለሚናገር ሟች የሚሆን ዓምድ ፈለገ። አላገኘም። በተራው ዓምድ ጻፋት። ቀና ብሎ «አንተስ?» አለኝ።

«እኔም» አልሁት። ባልጩቱን አስቀመጥሁ። ሽንኩርቱን ወደ ቦታው መለስሁ። ሌላ የምሠራው አልነበረኝም። የቀረን ሦስት ቀን ነው ብዬ አሰብሁ።

በማግስቱ ሰፈሩ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ንፍሮ ከጋራ ማድቤቱ ተላከ። ሟች በገዛ ልቅሶው ላይ እንዳይናገር ሊቀ ጭስ አስጠንቅቆን ነበር። እትዬ ማንጠግቦሽ መሐል ወለሉ ላይ ቆማ ደረቷን መታች።

«ወዮ የሽመቤት፣ ወዮ የኔ እመቤት፣
ወንፊት ስለምናት ሰፌድ ጨምራ የምትሰጠኝ ከቤት!»

«ወንፊቱን የመለስሽው መቼ ነው?» አለች እናቴ ከመደቡ ላይ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ማንጠግቦሽ ግን ሥራዋን አታቋርጥም። «ሟች አይናገርም! ዝም ብለሽ ተለቀሺ!» አለቻትና ቀጠለች።

ከሰዓት በኋላ ጋቢ መውለቅ ጀመረ። መጀመሪያ አንዱ አወለቀ፤ ከዚያ ሌላው። በሁለተኛው ቀን አንድ ነገር ታወቀ፤ ማን መጀመሪያ እንዳስተዋለው አላውቅም። ሃያ ሰባት ሰው ተቀምጦ የሚያስል የለም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አሮጊቶቹ እጃቸውን መደቡ ላይ አሳረፉ።

አያ ሽበሺ የሚባሉ አናጢ ነበሩ። ተነሥተው የመስኮቱን ዳር በስንዝር ለኩት።

«ሁለት ክንድ ነው?» አሉኝ።

«ሁለት ነው አያ።»

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«ጭቃና ጭድ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ጭቃ» አሉ። «ጭቃማ እኔም ደጅ ነበረ።» ጉንጫቸውን ግድግዳው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየን። ካቻምና በቡራኬ ሞተ የተባለው ሕፃን የእሳቸው ልጅ ነበር። ያን ጊዜ ለልጁ ማልቀስ አልተፈቀደላቸውም፤ በቡራኬ ለሞተ አይለቀስም። እትዬ ማንጠግቦሽ ሙሾዋን አቆመች። አጠገባቸው ሄዳ ቆመች። እናቴ ከመደቡ ተነሥታ በነጠላዋ ጫፍ ፊታቸውን ጠረገችላቸው። በዚያ ቤት በእውነት የተለቀሰው ያን ጊዜ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሊቀ ጭስ ዶማ የያዙ አራት ሰዎች አስከትሎ መጣ።

«ልቅሶው ተነሥቷል። ውጡ።»

የእናቴን ልብስ በአንድ ጨርቅ ቋጥሬ ነበር። ቋጠሮውን አንሥቼ ክንዷን ያዝሁ። ያን ጊዜ እትዬ ማንጠግቦሽ አፏን ከፈተች።

«ማን ተነሣ አለዎት?»

«ሦስት ቀን ሞላ።»

«ይሙላ። ሕጉ ለቀስተኛው ሲነሣ ይፈርሳል ነው የሚለው። እዩኝ እስቲ፣ እኔ ተነሥቻለሁ?» ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች እግሯን ዘረጋች። «ኀዘኔ አልወጣልኝም።»

«የኔም» አሉ አያ ሽበሺ።

«የኔም ገና ነው» አለ ሌላው። «ኧረ የኔማ አልተነካም» አለች አንዲት አሮጊት፤ ጋቢዋን ተንተርሳ ጋደም ብላለች።

ሊቀ ጭስ መዝገቡን ከፈተ። ቆሞ አነበበ፤ ተቀምጦም አነበበ። ሕጉ ከሦስት ቀን ያነሰ እንዳይሆን ይላል። ከሦስት ቀን እንዳይበልጥ የሚል ቃል የለውም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ሰው በሟች ቤት ከግዴታው አልፎ ይቀመጣል ብለው አላሰቡም። እውነታቸውን ነው። በዚያ አገር ብርድ የማያስገባ ቤት አያውቁም ነበር።

«ስለዚህ፣» አለ ሊቀ ጭስ መዝገቡን ዘግቶ፣ «ልቅሶው እስኪነሣ እንጠብቃለን።» ዶማ ከያዙት አንዱ ወጣት ኀዘን እንደተሰማው ተናግሮ ገባና ተቀመጠ። ሦስቱ ሄዱ።

እንዲህ ሆኖ ብርዱ አለፈ። ሰዎች ቤታቸው ጭስ እንዳያጣ አንድ አንድ ሰው እያስቀሩ በተራ ያለቅሳሉ። ደረቱ የታመመና ሕፃን ያዘለች ቅድሚያ አላቸው። አያ ሽበሺ ሲያለቅሱ በእጃቸው ገመድ አይጠፋም፤ ክፈፉን ይለካሉ፣ መስኮቱን ይለካሉ። ሊቀ ጭስ በየማለዳው ከማማው ሲወርድ በበራችን ብቅ ይላል።

«ተነሣ?»

«አልተነሣም።»

ይጽፋል፣ ይሄዳል። ልቅሶው እስከ ዛሬ አልተነሣም። ቤቷም አለች። ከዚያ ወዲህ ማን ቤቱን መቼ እንዳዞረ አልናገርም፤ በሕይወት ያሉ ሙታን አሉበት።

የአንድ ቀን ነገር ብቻ ልጨምር። ልቅሶው ዘጠና ቀን ያህል ከሆነው በኋላ ነው። ቀትር ላይ ሊቀ ጭስ መጣ። መዝገብ አልያዘም። የያዘው ሚስቱን ነው፤ በክንዱ ደግፏታል። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ከማማው ሥር የሚኖሩ ናቸውና የአገሩ ጭስ ሁሉ በቤታቸው ያልፋል። ከአጥሩ እስከ በሩ ሦስት ጊዜ ቆመች፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳሏ አጎነበሳት። የእናቴን የድሮ ሳል የሚያውቅ ሰው ያንን ሳል ያውቀዋል።

«ለቀስተኛ ናት» አለ ሊቀ ጭስ።

«ሟቿን ታውቃት ነበር?» አለች እትዬ ማንጠግቦሽ።

ሰውየው መሬት መሬት አየ።

«ተይው ማንጠግቦሽ፤ አሁን እንተዋወቃለን» አለች እናቴ። ፀሐይዋ የምታርፍበት የመደቡ ቦታ የእሷ ነበር። ከገባን ጀምሮ ለማንም ለቅቃው አታውቅም። ተነሣችና ቦታውን በመዳፏ ጠረገችው። «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። ጀርባሽን ወደ ግድግዳው አድርጊው። እንዲያ።»

ሴትየዋ ተቀመጠች። እናቴ የራሷን ጋቢ ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገችላት።

ሊቀ ጭስ ከበሩ አልራቀም። «ስንት ቀን ልታለቅስ ትችላለች?» አለ።

«እስኪወጣላት» አለች እናቴ።

ሴትየዋ ራሷን ወደ ግድግዳው አስደገፈች። ዓይኗን ከደነች። ሳሏ ተመልሶ እስኪመጣ ሁላችንም ጠበቅን፤ እሱም የበሩን መቃን ይዞ ቆሞ ጠበቀ። ፀሐይዋ ከጉልበቷ ወደ እጇ፣ ከእጇ ወደ ትከሻዋ ሄደች። ሳሉ አልመጣም። ተኝታ ነበር።